የካራማራ ዳገትና ዝም ያለው ሞተር

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጅግጅጋ ውስጥ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ታዴ፣ ጋራዥ አትከፍትም እንዴ?» ይለኛል። «እስቲ እናያለን» ብዬ አልፋለሁ። እውነቱን ልናገር ካልኩ ግን አልከፍትም። ለምን እንደማልከፍት ማስረዳት ደግሞ መንገድ ላይ ቆሞ የሚያልቅ ወሬ አይደለም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ መኪና የጠገንኩት በጆሮዬ ነው። አሁን የመጡት ደግሞ ድምፅ የላቸውም። ግራ ገብቶኝ ወጣሁ፣ ይኸው ዛሬም ግራ እንደገባኝ ነው።

አባቴ ወታደር ሆነው መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው። እኔ ጅግጅጋ ተወልጄ አማርኛውን ከቤት፣ ሶማሊኛውን ከሰፈር፣ ስድቡን ከጋራዥ ተማርኩ። የተቀጠርኩት በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋራዥ ውስጥ ነው። ዋና መካኒኩ ፋራህ ይባላል። ሶማሌ ነው፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲቆጣ ድምፁ የማይጨምር። በኛ አገር ታላቅ ሰው «አደር» ይባላል፣ አጎቴ እንደ ማለት ነው። እኔም አደር ፋራህ እያልኩ ኖርኩ። እሱ ደግሞ «ወሪያ ታዴ!» ይለኛል፣ አንተ ሰውዬ ማለቱ ነው። በስሜ ብቻ ከጠራኝ ጥፋት አለብኝ ማለት ነው።

አደር ፋራህ የጠገነውን መኪና ባዶውን ፈትኖ አያውቅም። አንዴም! ባለመኪናው የሚጭነው ስኳር ከሆነ የስኳሩን ያህል አሸዋ በጆንያ ያስጭናል። ከዚያ ካራማራን ይወጣል። ከከተማው በስተ ምዕራብ ያለው ተራራ ነው፣ ወደ ሐረር የሚሄድ ሁሉ ይወጣዋል። ዳገቱ ላይ ማንም ቃል አይተነፍስም። እኔ አንድ ቀን «ደህና እየሄደ ነው» ብዬ አፌን ብከፍት አስወርዶኝ በእግሬ አስመጣኝ፣ አልቀለደም። አናቱ ላይ ሲደርስ ያቆምና ጎማው ሥር ድንጋይ ያስገባል። ከዚያ ይወርድና መዳፉን ካምቢዮው ላይ፣ ዲፈረንሻሉ ላይ፣ የጎማው እምብርት ላይ እየለጠፈ በሶማሊኛ ይቆጥራል። «ኮው፣ ለባ፣ ሰዴህ፣ አፈር፣ ሸን…» እጁ እስኪያቃጥለው ነው የሚቆጥረው። አሥር ከደረሰ መኪናው ይለቀቃል። ሰባት ላይ እጁን ካነሳ ተመልሶ ይፈታል።

እኔ ለረጅም ጊዜ ትርኢት ይመስለኝ ነበር። ጆሮ እያለ መዳፍ ምን ያደርጋል? ጥርስ ከተበላ ይጮሃል። ሞተሩ ከከበደው ያንኳኳል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ መሪው ድረስ ይንቀጠቀጣል። ሾፌሩ ሰምቶ ማርሽ ይቀንሳል። ናፍጣ የሚጠጣ ነገር ሲከብደው ሚስጥር አይጠብቅም።

የዛሬ ሰባት ዓመት ገደማ ሽንሌ ተመደብኩ፣ ውሃ የሚያመላልሱ ቦቴዎችን እንድይዝ። እዚያ የነበረው ኃላፊያችን ከወረቀት ሌላ የማያውቅ ሰው ነበር። አንድ ብሎን በሦስት ቅጂ ነው የሚጠየቀው። «አቶ ታደሰ፣ መኪናው በወረቀቱ ላይ ደህና ነው» ይለኛል፣ መኪናው ደጃፉ ላይ ዘይት እያነባ! ከሽንሌ ወደ አይሻ ተዛወርኩ። እዚያ ደግሞ ሙቀቱ ነው የሚገድለው፤ ሁሉም ብረት ስለሚያቃጥል የአደር ፋራህ ቆጠራ ምንም ትርጉም አልነበረውም። ቀስ በቀስ ተውኩት። ጆሮዬ ግን ተሳለ። ቦቴ ከአስፋልቱ ወዲያ ሲመጣ የቱ ጎማ እንደሚጮህ ተኝቼ እናገራለሁ። ኩራትም መጣ፣ አልደብቅም።

ጅግጅጋ ስመለስ አደር ፋራህ ጡረታ ወጥቶ ጆሮው ከብዶት ነበር። እኔ ደግሞ ዋና መካኒክ ሆንኩ። በዚያው ሰሞን ነው እነዚያ ነገሮች ከተማውን መሙላት የጀመሩት። ባትሪ የሚበሉት መኪኖችና ባለ ሦስት እግሮቹ ማለቴ ነው። መጀመሪያ አንዱ ከኋላዬ መጥቶ ጥሩምባ ሲነፋ ልቤ ወጥታ ነበር። ምንም አልሰማሁማ! እኔ፣ ታደሰ!

መሥሪያ ቤቱም ሁለቱን አመጣ። አንዱን ፈታሁት። ፍሪሲዮን የለም። ካምቢዮ የለም። ማርሽ የሚቀያየርበት ነገር የለም። አንድ ዲናሞ አለ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ጥርስ አለች፣ እሷ ትልቁን ጥርስ ታዞራለች፣ ትልቁ ጎማውን ያዞራል፣ አለቀ። «የቀረው የት አለ?» ብዬ ጠየቅኩ፣ ሰዎቹ ሳቁብኝ። ከሁሉም የገረመኝ አነሳሱ ነው። የናፍጣ ሞተር ከቆመበት ሲነሳ ደካማ ነው፣ አስጩኸህ፣ አለማምጠህ ነው የምታስነሳው። ይሄኛው ግን ጉልበቱ ሁሉ ከቆመበት ሲነሳ ነው። የፍጥነት እጀታውን ነካ ስታደርገው ዘሎ ይወጣል። እኔም በሆዴ «ይሄማ የሚከብደው ነገር የለም» አልኩ። እዚህ ላይ ነው የተበላሸሁት።

ሂቦ የመጣችው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ ቤቴ ግቢ ድረስ። የግመል ወተት ነጋዴ ናት። ከካራማራ ማዶ ካለው መንደር የአሥራ ሁለት ሴቶችን ወተት ሰብስባ ጅግጅጋ ገበያ ታደርሳለች፣ የየአንዳንዷን በየራሷ ጀሪካን። ወንድሞቿን ለምና ሁለት ግመል አሽጣ ያንን በባትሪ የሚሄድ ባለ ሦስት እግር የጭነት ተሽከርካሪ ገዝታለች። እንደ አብዛኛው የሶማሌ ሰው አማርኛዋ ውስጥ «እርስዎ» የሚባል ነገር የለም፤ ጅግጅጋ ያደገ ሰው ደግሞ በዚህ አይከፋም።

«ነበድ፣ አደር» ብላ ሰላም አለችኝ። «ይሄ ዕቃ ቀርፋፋ ነው። ወተቱ መንገድ ላይ ይሞቅብኛል።»

«ታዲያ ቀድመሽ ተነሺ።»

«ግመሏን ቀድመሽ ታለቢ ልበላት?» ብላ ሳቀች። ወዲያው ግን ፊቷ ተለወጠ። «ሴቶቹ ምን አሉኝ መሰለህ? አንድ ቀን ደግመሽ ካስኮመጠጥሽው መንደራችን ለሚመጣው ለጭነት መኪናው እንሰጣለን አሉኝ። እነሱ ከሄዱ እኔ ምን እጭናለሁ? ድንጋይ?»

አየሁላት። ፍጥነት ከፈለገች መንገዱ አንድ ነው፣ ጥርሱን መቀየር። ዲናሞው አሥር ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞር ነበር። ቶጎ ውጫሌ ያለ ወዳጄ ዲናሞው ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሿን የምትተካ፣ ከሷ ከፍ ያለች ጥርስ ላከልኝ። እሷን ሳስገባ ዲናሞው ሰባት ጊዜ ሲዞር ጎማው አንዴ ይዞራል። በሜዳ ሲታይ ፍጥነቱ በጣም ጨመረ።

ሥራውን ስጨርስ አደር ፋራህ ትዝ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ። አሸዋው፣ ጆንያው፣ ዳገቱ ትዝ አሉኝ። ግን «ያ የናፍጣ ነው» አልኩ። ሁሉም ነገር የተለወጠ መሰለኝ። ወደ ቶጎ ውጫሌ በሚወስደው ሜዳ መንገድ ባዶውን ለቀቅኩት። በረረ! ሂቦ ከኋላ ተቀምጣ እልል አለች። እኔም ጆሮዬን ጣል አድርጌ አዳመጥኩ፣ ምንም ጩኸት የለም። «በቃ፣ ደህና ነው» አልኳት።

ልትሄድ ስትል አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። «ካራማራ ላይ ኬላው ጋ ሰልፍ አለ፣ ዳገቱ ላይ። የእጅ ፍሬኑ ላላ ያለ ነው። እንዴት ላቁመው?»

የኛ ሾፌሮች እዚያ ቦታ ላይ የሚያደርጉትን አውቃለሁ። ፍሬን ከመርገጥ በፍሪሲዮን ግማሽ ይዘው መኪናውን ዳገቱ ላይ ያንጠለጥሉታል። ወደ ፊትም ወደ ኋላም አይልም። ይኼም እንደዚያው መሰለኝ። እንዲያውም የሚቃጠል ፍሪሲዮን ስለሌለው ይሻላል ብዬ አሰብኩ። «እጀታውን ትንሽ ነካ አድርገሽ ያዢው፣ ባለበት ይቆምልሻል» አልኳት።

«ዝም ብሎ ይቆማል?»

«ዝም ብሎ ይቆማል።»

አምስት ቀን ሠራች። አምስቱንም ቀን ወተቱ ሳይሞቅ ገባ፣ ደውላ መረቀችኝ። በስድስተኛው ቀን ከረፋዱ ላይ እንደገና ደወለች። «አደር፣ ና» አለች፣ ሌላ ቃል የለም።

ኬላው ጋ ስደርስ ሰልፉ ገና ረጅም ነበር። የሂቦ ተሽከርካሪ ዳር ላይ ተገፍቶ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ገብቶ ቆሟል። ሳልጠጋ ሽታው መጣብኝ፣ የተቃጠለ ቀለም የመሰለ። ዲናሞው ላይ ውሃ ጠብ ባደርግበት ቺስ ብሎ ደረቀ። ለካ ያን ዕለት ፍተሻው ጠንክሮ ሰልፉ አልንቀሳቀስ ብሏል። እሷ አሥራ ሁለት ጀሪካን ጭና፣ እኔ እንዳልኳት እጀታውን ነካ አድርጋ ይዛ፣ ዳገቱ ላይ ተንጠልጥላ ቆማለች። ዲናሞው ሳይጮህ፣ ሳያጨስ፣ ሳይንቀጠቀጥ ውስጥ ውስጡን ነደደ። ጭስ ያየችው ካለቀ በኋላ ነው።

እኔ ጎንበስ ብዬ ዲናሞውን አየሁት። ሂቦ ግን አልጮኸችብኝም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር፣ ስድብ ለምጃለሁ። «አደር፣ አንተ ያልከኝን ነው ያደረግኩት» አለች ቀስ ብላ። በቃ ይኼን ብቻ።

የሚጭንላት መኪና ለምነን አጣን፤ ያለው ሁሉ ሙሉ ነው፣ ፀሐዩም ጠንቷል። ከአሁን በኋላ ገበያ ቢደርስም ኮምጥጦ እንደሚደርስ ገባት። ያን ጊዜ ክዳኑን ከፈተችና በቆርቆሮ ኩባያ እየቀዳች ሰልፍ ላይ ላለው ሰው ማደል ጀመረች። ለሾፌሩ፣ ለተሳፋሪው፣ ለፈታሹ ሰጠች። «መሬት ላይ ከሚፈስ ሰው ይጠጣው» አለች። እኔ ጋ ስትደርስ ኩባያውን ዘረጋችልኝ። እምቢ ልል ነበር፣ ዓይኗን አይቼ ተቀበልኩ። ወተቱ ሞቋል፣ ጫፉ ላይ ኮምጠጥ ማለት ጀምሯል። እስከ መጨረሻው ጠጣሁት። በሥራ ዘመኔ ብዙ አበላሽቻለሁ፣ እንደዚያ ቀን ግን ያፈርኩበት የለም።

ዲናሞውን አውርጄ ድሬዳዋ ሽቦ የሚጠመጥም ሰው ጋ ወሰድኩት። ሲከፍተው መዳቡ ጠቁሯል።

«ምን አድርገህ ነው?» አለኝ።

ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። «ሲዞር የወሰደውን ኤሌክትሪክ አብዛኛውን ሥራ ይሠራበታል። ቆሞ ሲታገል ግን የሚገባው ሁሉ ሙቀት ነው። ካውያ አደረግከው። ጥርሱን ስታሳድገው ደግሞ ለዚያው ዳገት፣ ለዚያው ጭነት ከበፊቱ የበለጠ እንዲታገል ፈረድክበት። ለመታገል ደግሞ ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል።»

«ታዲያ ለምን አልጮኸም?»

«ተቃጠለ እኮ! ከዚህ በላይ ምን ይበልህ?» ብሎኝ ሥራውን ቀጠለ።

የነገረኝ ገብቶኛል ልበል? ግማሹ ገብቶኛል። ከቆመበት ሲነሳ ጉልበታም የሆነ ነገር፣ ቆሞ ሲታገል ራሱን የሚያቃጥለው እንዴት ነው? ጉልበቱም ጉዳቱም አንድ ቦታ ላይ! እስከ ዛሬ ሳስበው ያዞረኛል።

ከድሬዳዋ ስመለስ ቀጥታ አደር ፋራህ ቤት ሄድኩ። ጆሮው ሥር ተጠግቼ እየጮህኩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት። ጎረቤት ሁሉ ሰማ፣ ይገባኛል። ዝም ብሎ ሰምቶኝ ሲያበቃ አንዲት ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ስንት ቆጠርክ?»

መሬት መሬት አየሁ።

«ታደሰ» አለኝ፣ ያለ ወሪያ፣ ያለ ምን። «የሷ ጭነት ስንት ነው?»

«አሥራ ሁለት ጀሪካን።»

«አሥራ ሁለት ጀሪካን ውሃ አዘጋጅ» አለና ከዘራውን ፈለገ።

ዲናሞው ተጠምጥሞ እስኪመጣ ሳምንታት ፈጀ። ሴቶቹ በዚያ መሀል ወተታቸውን ለጭነት መኪናው መስጠት ጀመሩ። ሂቦ እኔ ግቢ ስትመጣ ስለ እነሱ አታነሳም፣ እኔም አልጠይቅም። የድሮውን ትንሽ ጥርስ መለስኩ። የእጅ ፍሬኑን ገመድ ቀየርኩ፣ ድሮም ያንን ነበር መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝ፣ አይ እኔ! ከዚያ አሥራ ሁለት ጀሪካን ውሃ ጭነን ተራራውን ተሻገርንና በዚያ ማዶ፣ እሷ ወተት ጭና በምትመጣበት በኩል፣ ዳገቱን ተያያዝነው። ሂቦ ትነዳለች፣ እኔና አደር ፋራህ ጀሪካኖቹ መሀል ተጨናንቀናል። ማንም ቃል አልተነፈሰም። ዝምታው ራሱ ጨነቀኝ፤ ሰውም ዝም፣ ሞተሩም ዝም።

ዳገቱ አጋማሽ ላይ አደር ፋራህ በከዘራው ጭነቱን መታ፣ አቁሚ ማለቱ ነው። የእጅ ፍሬን ተሳበ፣ ድንጋይ ገባ፣ ቁልፉ ተዘጋ። ወርዶ መዳፉን ዲናሞው ላይ ለጠፈ። ቆጠረ። አሥር ደረሰ፣ አሥራ አምስት ደረሰ፣ ሃያን አለፈ። እኔ ደስ ሊለኝ ሲል እጁን አነሳና ትኩር ብሎ አየው።

«የኔ መዳፍ ሞቷል» አለ። «አይሰማውም።»

በሥራ ያደረ መዳፍ ነው፣ ቆዳው እንደ ጫማ ሶል ሆኗል። የኔም ቢሆን ከሱ አይሻልም። ሁለት መካኒኮች ተፋጠን ቆምን። ያኔ አደር ፋራህ ወደ ሂቦ ዞረ። «አንቺ ቁጠሪ።»

ሂቦ መዳፏን ለጠፈች። «ኮው፣ ለባ፣ ሰዴህ፣ አፈር፣ ሸን… ወይ!» እጇን ሳበች። አምስት። ጠበቅን። ንፋስ አለ፣ ካራማራ ንፋስ አጥቶ አያውቅም። ትንሽ ቆይታ ለጠፈች፣ ሰባት። ደግማ ለጠፈች፣ አሥር። «ሃዬ» አለ አደር ፋራህ፣ እሺ ማለቱ ነው። ወጣን። አናቱ ላይ አሁንም አስቆጠራት።

«ከዛሬ ጀምሮ አጋማሹ ላይ ትቆሚያለሽ» አላት። «ድንጋይ ታስገቢያለሽ፣ ትዘጊዋለሽ። አሥር ሳይደርስ አትነሺም። ኬላው ጋም በእጀታ አትያዢው።»

«ታዲያ ፍጥነቱስ? ወተቱ ይሞቃላ!»

አደር ፋራህ አልሰማትም ወይም ያልሰማ መሰለ። እኔ ነኝ የመለስኩላት። «ከሞተሩ ፍጥነት የለም፣ ሂቦ። ከሌላ ቦታ ፈልጊው።»

ምን ማለቴ እንደሆነ እኔም አላውቅም ነበር፤ አፌ ላይ የመጣውን ነው የተናገርኩት። እሷ ግን አሰበችበት። መንደሩ ከአስፋልቱ ገባ ያለ ነው፤ አሸዋማውን መንገድ እየተሳበች ገብታ እየተሳበች ነበር የምትወጣው። ሄዳ ሴቶቹን ወተቱን አስፋልቱ ዳር ድረስ በአህያ እንዲያመጡላት ለመነቻቸው። መጀመሪያ እሺ ያሏት አራት ብቻ ናቸው። የቀሩት ስምንቱ ጭነት መኪናውን መረጡ። በአራት ጀሪካን የባትሪዋን ወጪ እንኳ አትሸፍንም፣ ግን ጀመረች።

ከዚህ በኋላ እኔ መሥሪያ ቤት ብዙ አልቆየሁም። ዕድሜዬ ደረሰ። ጋራዡ ውስጥ ስዞር የቆሙት ሁሉ ዝም ያሉ ናቸው፣ አንዱን ስነካ ሌላው ይበላሽብኛል ብዬ እፈራለሁ። በሽኝቴ ቀን አዳራሽ ተሰብስበን የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ንግግር ያደርጋል። «ባልደረባችን ታደሰ በረጅም የሥራ ዘመናቸው…» እያለ ስልኬ ጮኸ። ሂቦ ናት። አንገቴን ደፋ አድርጌ አነሳሁት። ሰላምታ የለም፣ ምን የለም፣ ንፋስ ብቻ ይሰማል። ከዚያ መቁጠር ጀመረች።

«ኮው፣ ለባ፣ ሰዴህ…»

እኔም በከንፈሬ አብሬ ቆጠርኩ። አጠገቤ ያለው ሰው ዞሮ አየኝ። ስድስት አለች፣ ሰባት አለች፣ ስምንት ላይ ትንፋሼን ያዝኩ። ዘጠኝ። አሥር።

«አደር፣ እጄ አሁንም እዚያው ነው!» አለች። «ዛሬ አሥራ ሁለቱም ሰጥተውኛል። አሥራ ሁለቱም! ጭነት መኪናው አርፍዶባቸው ነው ተብሏል፣ እኔ ምን ቸገረኝ።»

ያኔ ያ ኬላ ላይ ያልወጣልኝ ቃል አፌ ላይ መጣ። «ሂቦ፣ ያን ቀን… ይቅርታ አድርጊልኝ» ልላት ጀመርኩ። «አደር፣ ወተቱ ይሞቃል» ብላ ዘጋችው። አዳራሹ አጨበጨበ፣ ንግግሩ አልቆ ኖሯል። እኔ ስልኩን ይዤ ቆሜያለሁ። ሰዎቹ ያለቀስኩት ለነሱ መስሏቸው አቀፉኝ።

ቤቴ የገባሁት እኩለ ቀን ላይ ነው፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ባለቤቴ ገና ከበሩ «አንዲት ሶማሌ ሴት ትታልህ ሄደች» ብላ አንዲት ትንሽ ጀሪካን አሳየችኝ። አጠገቧ ቁጭ አልኩና መዳፌን ለጠፍኩባት። የኔ መዳፍ አይሰማውም ብያችኋለሁ፣ ስለዚህ ባለቤቴን «እስቲ አንቺ ያዢው» አልኳት። «ምን ሆነሃል?» እያለች ያዘችው። አልሞቀም አለችኝ። ኩባያ አመጣሁና ቀዳሁ፣ ቀመስኩት። አልኮመጠጠም።